ለወንድሜ ያወጣሁለት ስም

ሐርጌሳ የገባሁ ቀን ደላላው ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና "በዚህ ስም ክፍል አታገኚም፤ ሌላ ስም አምጪ" አለኝ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር፣ ሚኒባሶቹ ወደ መሀል ከተማ የሚጭኑበት ጥግ ላይ ሻንጣዬን በጉልበቴ ደግፌ ቆሜያለሁ። ድሬዳዋ አንድ ወንበር ላይ አብራኝ የተማረች የሙስሊም ልጅ ትዝ አለችኝና የእሷን ስም ተናገርኩ። ሳላስፈቅዳት ነው። ደላላው አንዴ ደገመውና "ይሄ ይሆናል" አለ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክርስትናዬን ከነስሜ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ደላላው እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላጣራሁም። ማንም አያጣራም። ከእኔ በፊት የመጣው ሁሉ እንዲሁ አድርጓል፤ አያሃ ሰፈር ድንጋይ የሚፈልጡት፣ ሼክ ኑር ሰፈር በቆርቆሮ ቤት ታጭቀው የሚያድሩት፣ በሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡት የደጋ ልጆች ሁለት ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱ ለአገር ቤት ስልክ፣ አንዱ ለሐርጌሳ። በስሙ ምክንያት ከቤት የተባረረ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እገሌ ተባሯል ሲሉ ሰምቻለሁ የሚል ግን ሞልቶ ነበር፤ እኛም ወሬውን ለማቀበል አንሰንፍም።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱታ ብዙም አይሆንልኝም። እዚህ የማነሣቸውንም ሰዎች ትልቅ ትንሽ ሳልል አንተና አንቺ እያልኩ ነው የማልፈው፤ ቅር የሚለው ይቅር ይበለኝ። ሶማሊኛን ከጎረቤት፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ይዤ ነው ያደግኩት። ሁለት ዓመት የሰው ሰሃን ካጠብኩ በኋላ ያወጣችኝ ይህቺ ናት። አንድ ዶክተር አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ።

ዶክተሩ የሐርጌሳ ልጅ ነው። ከተማዋን ባፈረሰው ጦርነት ጊዜ ሕፃን ሆኖ ታቅፈውት ወጡ፤ ውጭ አገር አድጎ፣ የአእምሮ ሐኪም ሆኖ፣ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ተመለሰ። ሶማሊኛው ግን በሕፃንነቱ ቆሞ ቀርቷል፤ ሽማግሌዎች ሲያወሩት አንገቱን ወደ እኔ ያዞራል። የተከራየው ቪላ አንድ ጎኑ በመድፍ ተበስቶ ኋላ በአዲስ ብሎኬት የተደፈነ ነበር። ያኔ ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው፤ አዲሱ ቤት ገና አልተለሰነም፣ የተለሰነው ቤት ደግሞ ጥይት በልቶታል። ከቪላው ጀርባ ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ነበር። ከሚተኙት ብዙዎቹ ቤተሰብ መላ አጥቶ በሰንሰለት አስሯቸው የከረሙ ናቸው። የኛ አገር ልጆችም ከመሀላቸው ነበሩ፤ ሥራ ፍለጋ መጥተው በየመንገዱ ከራሳቸው ጋር ሲያወሩ የተገኙ።

ከሕክምናው ጎን ለጎን ዶክተሩ ሌላ ሥራ ነበረው። ስኪዞፍሬኒያ የያዘው ሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያስብ በኮምፒውተር አስመስሎ ይሠራ ነበር፤ ሞዴል ይለዋል። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሳቄ ነው የመጣው። ሰዉ የራሱን በሽተኛ አስሮ መላ ባጣበት አገር፣ ይሄ ደግሞ ለኮምፒውተር እብደት ሊያስተምር መጣ ብዬ። ሳቄን አይቶ አልተቀየመም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ጓሮ ልብስ ስታጥቢ እናትሽ የጠራችሽ መስሎሽ 'አቤት' ብለሽ አታውቂም?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"እሷ ግን አልጠራችሽም።"

"አልጠራችኝም።"

"አየሽ፣ አእምሮ ጆሮን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አስቀድሞ ይገምታል። ከዚያ ጆሮ ያመጣለትን ከግምቱ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ግምቱን ያርማል። አንቺ ዞር ብለሽ አየሽ፣ እናትሽ የለችም፣ ልብስሽን ቀጠልሽ። የኔ በሽተኛ ዞር ብሎ አይቶም አያርምም። ግምቱ ከዓይኑ ይበልጥበታል።"

በፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ቁጥር ነበረች፤ አእምሮ ለራሱ ግምት የሚሰጠውን ክብደት የምትለካ። እሷን ከፍ ሲያደርጋት ኮምፒውተሩ ያልነገሩትን ሰማሁ ይላል። ዶክተሩ እያንዳንዱ በሽተኛ ከሚሰጠው መልስ ተነሥቶ የዚያን ሰው ቁጥር ይፈልጋል። ሕልሙ ማን ምን ያህል መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ሳይሞክርበት ማወቅ ነበር፤ ምክንያቱም መርፌው ሲበዛ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ይህን ሲነግረኝ መሳቄን ተውኩ። ቀስ በቀስ ሥራውን ወደድኩት፤ ስለ ሰው ጭንቅላት ለቤተሰቡ ስተረጉም ራሴን እንደ ግማሽ ሐኪም ማየት ጀምሬ ነበር።

በጤነኛ በኩልም ማወዳደሪያ ያስፈልጋል ብሎ እኔኑ ፈተነኝ። መብራት ብልጭ ሲል ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከሰማሽ ቁልፉን ተጫኚ ነው። ድምፁ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ድምፁን አጥፍቶ መብራቱን ብቻ ነበር የሚያበራው፤ እኔ ግን እየሰማሁ ስጫን ቆየሁ። ዶክተሩ ሳቀብኝ። ብዙ ጤነኛም እንደዚያ ያደርጋል፣ አትፍሪ አለኝ።

ወንድሜ የመጣው እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ድንበሩ ድረስ፣ ቶጎ ውጫሌ ሄጄ ተቀበልኩትና ወደ ሐርጌሳ ስንመለስ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ፣ መኪና ውስጥ ስም አወጣሁለት። የአባታችን ቤት ስሙ የተወለደበት የታቦት ቀን ነው፤ ገና ሲጠሩት ክርስቲያን መሆኑ ይታወቃል። ሳቀ። "እታለም፣ ሃያ ሁለት ዓመት የለበስኩትን?" አለኝ። የማተቡን ክር ከአንገቱ ፈታሁለትና ወገቡ ላይ፣ ከሱሪው ውስጥ፣ አሰረው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩበት፤ ይህኛው የራሴ ሐሳብ ነው፣ ለደላላ አላሳብበውም። ክፍላችን ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ እዚያ ውስጥም በሐርጌሳ ስማችን እንጠራራ አልኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ቤት ውስጥ የለመደ ምላስ ውጭ ያጋልጣል ብዬ ፈራሁ። እሺ አለኝ። ታላቁ ነኝ፣ ምን ይበል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው በዚያ ከተማ ውስጥ አልነበረም።

አከራያችን፣ እኔን ከመጀመሪያው ዓመት ያስጠጋችኝ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በሶማሊኛ ኤዶ እንላታለን፣ አክስት ማለት ነው። በጦርነቱ ቤቷ ፈርሶ እኛ አገር ያለው ሐርተሼክ ስደተኞች ካምፕ ከርማ ነው የተመለሰችው። ለራሷ ሁለት ክፍል ሠርታ፣ ግቢው ውስጥ ሦስት የቆርቆሮ ክፍል ለኪራይ አቁማለች። ብዙ አትናገርም። ወንድሜ ገና በመጣ በሳምንቱ የጓሮዋን ግድግዳ በነፃ ለሰነላትና ወደደችው።

ልስን ነበር ሥራው። እጁ ቀጥ ያለ ነው፤ ፎርማኑ ገመድ ሳይዘረጋ ያሠራው ነበር። በሁለተኛው ዓመቱ መሀል ከተማ አንድ ባለ ፎቅ ሕንፃ ላይ ገባ። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል፣ እንቅልፉ ቀነሰ፣ ምግብም ቀነሰ። ወጣት ነው፣ የሰው አገር ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ፊቱን እየታጠበ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጆሮውን ወደ አጥሩ ያዘነብል ጀመር። ግድግዳው ላይ ያሉትን የሚስማር ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እየጠቀለለ ደፈናቸው። እኔ ቀን ሙሉ "ማንም በሌለበት ድምፅ ትሰማለህ ወይ? ሰዎች የሚያዳምጡህ ይመስልሃል ወይ?" እያልኩ ስተረጉም የምውል ሰው ነኝ። ለሌላው ቤተሰብ ሳይቃጠል በቅጠል እያልኩ እመክራለሁ። የራሴን ወንድም አላየሁትም።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ተቀምጠን፣ "እታለም፣ በስሜ የሚጠሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው" አለኝ።

"እነማን?"

"የሲሚንቶና የአሸዋ ሞልታ ከምናቦካበት ጀርባ ያሉት። አባባ እንደሚጠራኝ አድርገው ነው የሚጠሩኝ።" ስሙን ተናገረው፤ ከድንበር ወዲህ ሲናገረው የሰማሁት ያኔ ነው።

እኔም "ድምፅህን ቀንስ" አልኩት።

ሌላ ነገር አላልኩም። ዛሬም ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የማይለቀኝ ይሄ ነው። ድምፅ ሰማሁ ላለኝ ልጅ፣ ድምፅህን ቀንስ።

በሁለተኛው ሳምንት በሕንፃው መወጣጫ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። "አቤት፣ አቤት" እያለ ወደ ባዶው ነበር የሚመልሰው። ሠራተኞቹ ተረባርበው በገመድ አስረው አወረዱት፤ በፎርማኑ ፒካፕ ግቢ ድረስ አመጡልኝ። የገመዱ ሰንበር አንገቱ ላይ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ቁርኣን የሚቀራበት ቤት እንውሰደው አለ፤ አንዱ ሰንሰለት አለኝ አለ፤ የኛዎቹ ደግሞ ሹክ ብለው አገር ቤት ጸበል ይሻለዋል አሉኝ። ኤዶ ውሃ አጠጣችው፣ ገመዱን በቢላ በጠሰችና ፎርማኑን "ወደ ዶክተሩ ንዳ" አለችው።

ቃለ መጠይቁ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ክፍሉ ውስጥ አራት ነን፤ ዶክተሩ በላፕቶፑ፣ ነርሷ በፎርሟ፣ ወንድሜና እኔ። ደንቡ ዘመድ ለዘመዱ አይተርጉም ይላል፤ ግን ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚችል ሰው አልነበረም። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኔ ለወንድሜ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ድምፅ እንደሚሰማ ተናገረ። ሞልታው ጀርባ ስላሉት ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ሥራዬን እንደ ሥራ ሠራሁ። ከዚያ ዶክተሩ በሐርጌሳ ስሙ ጠራው።

"ያ ስም የኔ አይደለም" አለ ወንድሜ። "እሷ ናት መኪና ውስጥ የሰጠችኝ። የእሷም የእሷ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ቀስ ብለን ነው የምናወራው፣ ሰው ያዳምጣል። ሃይማኖታችንን ደብቀን ነው የምንኖረው። ንገሪው እንጂ እታለም። አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ።"

ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ አልዋሸሁም። ዶክተሩ መጻፉን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

"ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ?"

የሥራ ውሌ በዚያች የድሬ ልጅ ስም ነው። የቤት ኪራዬም። ለአገር ቤት የምልከው፣ የወንድሜ ሕክምና፣ ሁሉም በዚያ ስም ላይ ነው የቆመው። እውነቱን ብናገር ነገ በስንት በሽተኛ ላይ የተረጎምኩትን ማን ያምነኛል ብዬ አሰብኩ። ነርሷ ደግሞ ከተማው ውስጥ የማታውቀው ሰው የለም። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ያለፈው ዶክተሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጥ ባለው ጊዜ ነው።

"የለም" አልኩ።

"ምንም?"

"ምንም።"

ወንድሜ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ኖ የምትለዋን ቃል ግን ማን አያውቅም። አየኝ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን ብሎ የሚያስብ ሰው ፊት ነበር፤ ያን ፊት ያመጣሁበት እኔ ነኝ።

ነርሷ ልብሱን ስትለውጠው ወገቡ ላይ ያለውን ክር አገኘች። ደንብ ነው፤ ገመድ ነክ ነገር በሽተኛው ጋ አይቀርም። በመቀስ ቆርጣ የመርፌ ቆሻሻ ከሚጣልበት ሳህን ላይ አስቀመጠችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ምንድን ነው ስትለኝ ክታብ ነገር ይሆናል አልኳት።

መድኃኒቱ ሠራ። ይህን መካድ አልችልም፤ ድምፆቹ ልጁን ሊጥሉት ነበር፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ግን እየራቁ ሄዱ። አጥሩን ማዳመጥ ተወ፣ መብላት ጀመረ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ዶክተሩ እነዚያኑ ጥያቄዎች ይጠይቀዋል፤ ድምፅ ትሰማለህ፣ ሰዎች ያዳምጡሃል፣ ስምህ ማን ነው። መልሱ ቁጥር እየሆነ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ሌላው ሁሉ ከወረደ በኋላ የስሙ ጥያቄ ብቻ አልወርድ አለ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ወንድሜ የአባቱ ቤት ስሙን ይናገራል፤ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር የመርፌው መጠን ይጨመራል።

"ድምፁ ለቆታል፣ እምነቱ ግን አልላላም" አለኝ ዶክተሩ። "የሕክምና ካርዱን ያያል፣ አልጋው ላይ የተጻፈውን ያያል፣ እህቱን ይሰማል። አያርምም። ሞዴሉ ያስፈለገው እኮ ለዚህ ዓይነቱ ነው።" ከዚያ በእርጋታ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ የቤተሰብ ቃል ከሐኪም ቃል ይበልጣል አለ። እኔም ከወንድሜ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ፣ በአማርኛ፣ ማንም በማይሰማን ቋንቋ፣ ስምህ እንዲህ ነው አልኩት። እኔ እህትህ ነኝ፣ አላታልልህም አልኩት። ይህቺን የመጨረሻዋን ዶክተሩ በይ አላለኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በልቤ ግን አንድ ስሌት ነበረኝ። አንዴ ልክ ከመለሰ መጠኑ ይቀነሳል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ቀስ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለእሱ ብዬ ነው ማለቴ ነው። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጥርበትም።

ሰውነቱ በዚህ መሀል ተበላሸ። ምራቁ ይንጠባጠባል። ሲራመድ እጁ አይወዛወዝም፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ መዝለሉን አያቆምም። ያ ገመድ የማያስፈልገው እጁ የሻይ ብርጭቆ ማንሣት አቃተው፤ እኔ ነበርኩ የማጠጣው። አንድ ማክሰኞ ዶክተሩ ስምህ ማን ነው ሲለው ወደ እኔ አየና የሐርጌሳ ስሙን ተናገረ። ነርሷ በደስታ "ልክ ነህ" አለችው። የዚያን ቀን መርፌው አልተጨመረም። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚያው መለሰ። ዶክተሩ ጠርቶኝ በስክሪኑ ላይ የምትወርደውን መስመር አሳየኝ፤ ሞዴሉ አስቀድሞ በተናገረው መንገድ ነው የወረደችው። ዓይኑ አብርቶ ነበር፤ ለአንድ ሰው ከጠቀመ ለሌላውም ይጠቅማል አለ። ወጣሁና ሻይ ይዤ ላጠጣው ወደ አልጋው ሄድኩ።

ኤዶ በየሳምንቱ የግመል ወተት እየያዘች ትጠይቀው ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከእሱ ጋር ቆይታ ወጣችና ከበሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ልጁን በየትኛው ስሙ ነው የሚጠሩት?" አለችኝ።

"ስንት ስም አለው?" አልኳት።

"ልጄ፣ እኔ ሐርተሼክ ካምፕ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ። የናንተን አገር ሰው አላውቀውም? በየዒዱ ሥጋ ስሰጥሽ ተቀብለሽ አመስግነሽ ለአጥር ድመት ስትጥይ አይቻለሁ። ድመቷ ወፍራ መሄድ አቃታት።" እንደ መሳቅ አለች። "ሥጋችንን የማይበላ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከመጀመሪያው ዒድ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለምን አልነገርሽኝም ብዬ እኔ ልጠይቅሽ እንዴ? ካምፕ ውስጥ እኔም በሞተች ሴት ስም ነው ስንዴ የወሰድኩት። ስትፈሪ አየሁ፤ የፈራን ሰው አንቺ ማን ነሽ አይሉትም። ቢያውቅ የሚከፋው ሰው የለም አልልሽም፣ ክፉ የትም አለ። እኔ ቤት ግን ማን አስወጣሽ?"

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር ቤታችን። እኔ የፈራሁት ግን አልደረሰም፤ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ያልነበረ ነገር ነው። አምስት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር በአንድ በር ስወጣ ስገባ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም። ማስረጃ አልቀበልም ያለው የኔ ጭንቅላት ነበር። መርፌውን ግን የተወጋው እሱ ነው።

ከአግዳሚዋ ተነሥቼ በቀጥታ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። ነርሷም ነበረች፤ እሷም ትስማ አልኩ። የራሴንም የወንድሜንም ነገርኩ። ዶክተሩ በሕፃን ሶማሊኛው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛውን ትቶ፣ "መጠኑን የጨመርኩት በዚያ መልስ ነው" አለ። "ድምፁማ በመጀመሪያው መጠን ለቆት ነበር።" ላፕቶፑን ከፈተ፣ ከበሽተኞቹ ሰንጠረዥ የወንድሜን ረድፍ ፈለገና አጠፋት። ረድፏ ስትጠፋ ከላይና ከታች ያሉት ቁጥሮች ተጠጋግተው ክፍተቱን ዘጉት። ከሥራ አላባረረኝም። ከዚያ በኋላ ግን የምተረጉመውን ሁሉ ሁለቴ ይጠይቀኝ ነበር፤ መብቱ ነው። የመርፌውን መጠን ለመቀነስ የሚያስፈልገውን ወረቀት እዚያው ፈረመ። "ሂጂና ለወንድምሽ ንገሪው" አለኝ።

ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ይዘላል። ነርሷ ከኋላዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁና በአባታችን ቤት ስሙ ጠራሁት። ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት፤ ከቆርቆሮው ክፍል ጀምሮ ለጠፋው ጊዜ ሁሉ ጭምር።

ደግሜ ጠራሁት።

"እሱ በሽታው ነው" አለኝ፣ ልጅ እንደሚያስጠና ሰው በትዕግሥት። "ድሮ ነበር እንዲያ የሚሉኝ። አሁን ለቀውኛል።"

"አይደለም። ስምህ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ለዶክተሩም ነግሬዋለሁ። አባባ ያወጣልህ ስምህ ነው።"

ፊቱ ተለወጠ። ወደ እኔ አላየም፤ በትከሻዬ ላይ አሳልፎ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ነርስ ነበር የሚያየው፤ ትጽፍ እንደሆነ እጇን ያያል። "እኔ አላልኩም" አላት በተሰባበረ ሶማሊኛ። "እሷ ናት ያለችው፣ እኔ አላልኩም።" ከዚያ እኔ የሰጠሁትን ስም ተናገረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በየመሀሉ "ልክ ነኝ? ልክ ነኝ?" እያለ። እኔ እጁን ልይዘው ስዘረጋ፣ መርፌው የመጣ መስሎት የሚንቀጠቀጥ እጁን አንሥቶ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።